ከአንድ ጉንጭ ያነሰ ውሃ

ሰኞ፣ ኤሉል 2

ዶክተር ኑሃ ዛሬ ፈረደችብኝ። የማህፀኔ በር አጥሯል። ከእንግዲህ መተኛት እንጂ መቆም፣ ማንሳት፣ መጎንበስ የለም።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ነኝ።"

"ስንት ልጆች አሉሽ?"

"ሠላሳ ሦስት።"

"እንግዲያው ሠላሳ ሦስቱን ለሌላ ሰው ተዪና አንዱን ያዢ።"

ሃያ አራተኛ ሳምንቴ ነው። እስከ ሠላሳ አራተኛው ልታደርሰኝ ትፈልጋለች። በቀን ሦስት ሊትር ውሃም አዛለች። "ውሃ ሲያንስሽ ማህፀንሽ ይቆጣል፤ ያለጊዜው ምጥ የሚመጣው በዚህም ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ" አለች። ኤልዳድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንደ ጎበዝ ተማሪ ስልኩ ላይ ጻፈው። ባሌ ኤር ኮንዲሽነር ጠጋኝ ነው፤ የዓለም ነገር ሁሉ በቱቦና በግፊት ካልሆነ አይገባውም። "ገባኝ፣ ጋዙ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል" አላት። "በግምት" አለችው።

ይህ ደብተር ለልጆቹ የገዛሁት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ዳክዬ አለበት። ከፍራሹ ሥር አደርገዋለሁ።

ዮም ኪፑር፣ ውሃ እንኳ የማይቀመስበት የስርየት ጾማችን፣ ሠላሳ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ለምን እንደቆጠርኩት አላውቅም።


ሐሙስ፣ ኤሉል 5

መተኛት ራሱ ሥራ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። የጣሪያውን ስንጥቅ ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ሦስት ነው።

የምንኖረው በአማቴ ቤት ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እማማ ፎርቱና በሕፃንነታቸው ከቱኒዚያ መጥተው፣ እዚሁ ሞሻቭ፣ የገበሬዎች መንደር ውስጥ አድገው፣ ሰባት ወልደው አሳድገዋል። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቁም። በየሰዓቱ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ከች ይላሉ።

"ጠጣሽ?"

"ጠጣሁ፣ እማማ።"

"ይህን ሁሉ?"

"ይህን ሁሉ።"

"ታዲያ ሽንት ቤት ስትሄጂ የማላይሽ ምነው? ልጄ ያገባው ግመል ነው እንዴ?"

ሳቅሁ። ግማሹን የሰጠሁት መስኮቱ ላይ ላለው በሶብላ ነው። ብዙ ውሃ ያቅለሸልሸኛል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።


ሰኞ፣ ኤሉል 9

ልጻፈው። ለሰው መናገር ካልቻልኩ ለዳክዬዋ ልንገራት።

ባለፈው ዮም ኪፑር የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከኤልዳድ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ በምኩራቡ የሴቶች ክፍል ቆሜ ሳለ ዐይኔ ጨለመብኝ። ወጥቼ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ተንበረከክሁና ጠጣሁ። አልለካሁም፣ ማንንም አልጠየቅሁም፣ እንደ ከብት ጠጣሁ። ከዚያ አፌን ጠርጌ ገባሁና ከሰው ጋር ደረቴን እየመታሁ ይቅር በለን አልኩ። በቴቤት ወር፣ በሃያኛው ሳምንት፣ ልጁ ወጣ። ወንድ ነበር።

ሐኪሞቹ ብዙ አወሩኝ። አልሰማኋቸውም፤ እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ይህኛው መፀነሱን ባወቅሁበት ጧት፣ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሜ ተሳልኩ። ድምፄን አውጥቼ ነው የተሳልኩት። ይህን ካቆየህልኝ በሚመጣው ዮም ኪፑር፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው፣ ሐኪም ቢያዝም ረቢ ቢፈቅድም፣ አንዲት ጠብታ ውሃ በአፌ አትገባም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያኔ ስለ ማህፀን በርም ስለ ሦስት ሊትርም የነገረኝ አልነበረም። ግን ማን ያውቃል፣ እስካሁን ያቆየልኝ በዚያ ስእለት ይሆናል። ባፈርሰውስ?


ማክሰኞ፣ ኤሉል 17

ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። አገሩ ሁሉ ኤር ኮንዲሽነሩ የሚበላሽበት ለኤልዳድ ብሎ ነው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ለንስሐ ጸሎት ይነሳል፣ ከምኩራብ መጥቶ ሻይ ያፈላልኛል፣ ከዚያ ጣሪያ ለጣሪያ ሲዞር ይውላል። ዛሬ ራት ሳይጨርስ ማንኪያውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። አንጀቴን በላው።

ልጁ ዐሥራ አንድ ጊዜ ረገጠ።

እስከ ቀትር ሳልጠጣ ቆየሁ። ልምምድ አይደለም። አልጠማኝም ነበር።


ማክሰኞ፣ ኤሉል 24

እማማ ፎርቱና የበሶብላውን ማሰሮ አንስተው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ሥሩ በስብሷል።

"ይህ ተክል ታሞ አይደለም፤ ሰጥሞ ነው" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ነገር በሆድሽ ይዘሻል፣ ልጄ። ሆድሽ ውስጥ ለሌላ ሰው ቦታ ያስፈልገዋል" አሉኝ።

"ምንም የለኝም፣ እማማ።"

"እኔም በጊዜዬ ምንም አልነበረኝም" ብለው ወጡ።

ማታ ኤልዳድ እየተፍለቀለቀ ገባ። ስለ ዮም ኪፑር ረቢ ካሊፋን ጠይቋቸዋል። በየዘጠኝ ደቂቃው ከአንድ ጉንጭ ያነሰ ውሃ ትጠጣለች፤ እንዲህ ተለክቶ ሲጠጣ እንደ መጠጣት አይቆጠርም ብለዋል። "'ፈቅጄላታለሁ በላት አይደለም ያልኩህ፤ ታዝዛለች በላት' አሉኝ" አለ። ሌላ ሴት ብትሆን እፎይ ትል ነበር።

እሺ አልኩት። እሺ አልኩ እንጂ እጠጣለሁ አላልኩም።


እሑድ፣ ኤሉል 29

ዛሬ ማታ አዲስ ዓመት ይገባል። ጧት ከጸሎት በኋላ ወንዶቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ አንዱ የሌላውን ስእለት ይፈታሉ። የረሱትን ስእለት በጅምላ፣ የሚያስታውሱትን ግን አንድ በአንድ ተናግረው ነው። ኤልዳድ ከመውጣቱ በፊት ጫማውን እያሰረ፣

"አንቺስ? የሚፈታልሽ ነገር ካለ በስምሽ ልናገርልሽ" አለኝ።

ጀርባውን አየሁት። ሸሚዙ በላብ ካርታ ሠርቷል።

"የለኝም" አልኩት።

በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ባሌን ዋሸሁ። ከዚያ ለበዓሉ ገበታ የሮማኑን ፍሬ ፈለፈልኩ።


ረቡዕ፣ ቲሽሪ 3

የጎዶልያስ ጾም ነው፤ ከንጋት እስከ ምሽት ብቻ። ነፍሰ ጡር አይመለከታትም። ግን ይህን አጭሩን ካልቻልኩ የሚመጣውን በምን አቅሜ? ከንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ደህና ነኝ።

አምስት ሰዓት። ራሴን አመመኝ። ከሙቀቱ ነው።

ስምንት ሰዓት። ሆዴ ድንጋይ ሆነና ለቀቀኝ።

ስምንት ሰዓት ከዐሥር። ደግሞ።

ከሃያ። ኤልዳድ ስልክ አያነሳም፤ ጣሪያ ላይ ነው።

እማማ መጡ። ጆጉ እንደ ሞላ መሆኑን አዩ። ጫማዬን ራሳቸው አጠለቁልኝ።


ሐሙስ፣ ቲሽሪ 4፣ ሆስፒታል

ቆሟል። ትናንት እስከ ማታ ሦስት ከረጢት ግሉኮስ ሰጡኝ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ምጡ መራራቅ ጀመረ፤ ሌሊቱ ስድስት ላይ ተወኝ። የልጁ ልብ በማሽኑ ውስጥ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሰማል። ሃያ ስምንተኛ ሳምንት፣ ሁለተኛ ቀን። ዛሬ ቢወጣ ኖሮ የሚሆነውን ሁሉ ዶክተር ኑሃ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ፤ ሳንባውን፣ ዐይኑን፣ አንጎሉን።

"ጾመሻል" አለች።

ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

"በረመዳን የእኛ የናዝሬት ሴቶች ያደርቁኛል፤ በእናንተ በዓል ደግሞ እናንተ። ሁላችሁም ፈጣሪን ከእኔ ይልቅ እናውቀዋለን ትላላችሁ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ብትደግሚው እንዲህ እንደማልመልሰው ጻፊው።"

ጻፍኩት ይኸው።

ቀትር ላይ ኤልዳድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እጁ ጥቁር ቅባት ነው። ነገርኩት፤ ቧንቧውንም፣ ስእለቱንም፣ በሶብላውንም ሳይቀር። የተቀየመ እንደሆነ ይቀየም ብዬ ነው የነገርኩት። አልተቆጣም። ግንባሬን ሳመኝና ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ማቀዝቀዣ እንደቆመ ደውለውለት ተነሳ።

አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እኔ ግን ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ቲሽሪ 5

ኤልዳድን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ንጋት ላይ ጸሎቱ እንዳለቀ ረቢን ይዞ ነግሯቸዋል። ረቢ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መቼ ሰማህ?"

"ትናንት ቀትር ላይ።"

"ምን አልካት?"

"ምንም።"

በኦሪት የተጻፈ ነው፤ ሚስት ሰውነቷን የሚያስጨንቅ ስእለት ብትሳል ባሏ በሰማበት ቀን ሊያፈርሰው ይችላል። ፀሐይ ከጠለቀች ግን ዝምታው እንደ ማጽናት ይቆጠራል። ኤልዳድ ትናንት ቀትር ላይ "አፍርሼዋለሁ" ቢለኝ ያ ሁሉ ነገር ባንድ ቃል ያልቅ ነበር።

"የማውቀው ነበር እኮ!" አለኝ። "በየዓመቱ በምኩራብ ይነበባል፣ በልጅነቴ ራሴ አንብቤዋለሁ። እንዳልቆጣሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ቲርጻ። አፌን ብከፍት እጮኻለሁ ብዬ ፈራሁ። በዝምታዬ አጸናሁብሽ።" ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ነርሷ አልፋ ተመልሳ ውሃ ሰጠችው።

የፈሰሰ አይታፈስም፣ ተው አልኩት። አሁን ያለው መንገድ ሦስት ሰዎች ፊት ቆሜ ስእለቱን ራሴ መናገርና መጸጸት ነው። ለሰንበት ወደ ቤት ልከውኛል፤ እሑድ ረቢ ሁለት ሰው ይዘው ይመጣሉ።

አንድ ነገር ለዚህ ደብተር ብቻ። ጸንቷል ሲለኝ ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ቅጣቴን የሚነጥቀኝ የለም ብዬ።


እሑድ፣ ቲሽሪ 7

መጡ። ረቢ ካሊፋ፣ ባለ ሱቁ ማስዑድ፣ የምኩራቡ ጠባቂ ሳሶን። በአልጋዬ ግርጌ ሦስት ወንበር ተደረደረ። እኔ ተጋድሜ ሦስቱ ዳኞች ቁጭ። እማማ ፎርቱና በሩ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፤ ኤልዳድ ከኋላቸው።

ስእለቱን ተናገርኩ። ቧንቧውን ስጠራ ሳሶን አቀረቀረ፤ ቧንቧውን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

"ትጸጸቻለሽ?" አሉ ረቢ።

"አልጸጸትም፣ ረቢ።"

ማስዑድ ብድግ አለ። "የምን አልጸጸትም ነው? ተጸጽቻለሁ በይና እንፍታሽ! እኔ ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁ!"

"ተቀመጥ፣ ማስዑድ" አሉ ረቢ። "በውሸት የተፈታ ቋጠሮ የለም። ልጅቷ እውነተኛ ናት፤ ችግሯም ይኸው ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ቢቸግርሽ ከሞት ጋር እልህ የተጋባሽ ትመስያለሽ። ለምን ተሳልሽ፣ ልጄ?"

"ባለፈው ዓመት ስለጠጣሁ።"

"ስለጠጣሽ ምን ሆነ?"

መልሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ ነበር። ረቢ ወደ ስልኬ ጠቆሙ።

"ሐኪምሽ ማን ናት?" አሉ። ነገርኳቸው። "ደውዪላትና ድምፁን ከፍ አድርጊው።"

ዶክተር ኑሃ አነሳች። ረቢ ራሳቸውን በቱኒዚያ ዐረብኛ አስተዋወቁ፤ እሷ በሳቅ ፈነዳች፣ "አያቴ እንኳ እንዲህ አትናገርም" አለች። ሲጠይቋት ግን ሳቋ ጠፋ።

"ቲርጻ፣ እነሱ ፊት ልናገር?"

"ይናገሩ፣ ዶክተር።"

"ባለፈው ዓመት የከዳሽ የማህፀን በርሽ ነው። አሁንም የምንጠብቀው እሱኑ ነው። መዝገብሽ ላይ ተጽፏል፤ ባለፈውም ነግረውሻል። ውሃ? በስምንተኛው ሳምንት ዐይኗ ጨልሞባት የጠጣች ሴት? ባትጠጪና ወድቀሽ ቢሆን ነበር የምቆጣሽ። ያ ውሃ ልጅሽን አልነካውም።"

ስልኩ ተዘጋ። 

"እንግዲህ" አሉ ረቢ ቀስ ብለው፣ "ይህ ስእለት የቆመው በምን ላይ ነው?"

"ገድዬዋለሁ ብዬ በማሰቤ ላይ።"

ድምፄን አውጥቼ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። እማማ ፎርቱና ወደ አልጋዬ መጥተው እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዙኝ። "ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ" አሉ። "ሁለቱንም ጊዜ ምን በልተሽ ነው አሉኝ።" ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተናገሩት መሆኑን ከኤልዳድ ፊት አወቅሁ።

"እንዳልገደልሽው ብታውቂ ኖሮ፣" አሉ ረቢ፣ "ትሳይ ነበር?"

እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። 

"አልሳልም ነበር" አልኩ። እውነቴን ነው።

ሦስቱ አብረው ሦስት ጊዜ አሉት። የተፈታ ይሁንልሽ፣ የተፈታ ይሁንልሽ፣ የተፈታ ይሁንልሽ። ማስዑድ ዐይኑን በመዳፉ እየጠረገ ወይን እልክልሻለሁ ብሎ ወጣ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሠርግ የሚበቃ ወይን መጣ።

ተፈታሁ። አልቀለለኝም። ሰው እንደሚለው አልቀለለኝም።


ማክሰኞ፣ ቲሽሪ 9

ከጾሙ በፊት። በችኮላ ነው።

ጉንጬን ለኩ። ሕጉ የእያንዳንዱ ሰው ልክ በራሱ አፍ ነው ይላል። እማማ አንዱን ጉንጬን በውሃ አስሞልተው ብርጭቆ ውስጥ አስተፉኝና ወደ ብርሃን አነሱት።

"አፏ ትልቅ ነው ስል የኖርኩት ለካ ሐሜት አይደለም!" አሉ። ኤልዳድ ከውሃው ልክ ትንሽ ዝቅ አድርጎ በማይጠፋ ቀለም ምልክት አደረገ። ሁለት ጊዜ ለካው፤ ባሌ ግፊት ሲለካ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም።

እሱ ነገ ምኩራብ አይሄድም። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ዮም ኪፑር ቀርቶ አያውቅም።

ልጁ ዐሥራ አራት ጊዜ ረገጠ። እጠጣለሁ። እጄ እምቢ ቢል እንኳ እጠጣለሁ።


ሐሙስ፣ ቲሽሪ 11

አልፏል። ሃያ ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሁለተኛ ቀን። ማህፀኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣም። ዶክተር ኑሃ ጧት ደውላ፣ "እንዲህ ከሆነ እስከ ሠላሳ አራት እንጎትተዋለን" አለች።

ትናንት፣ በጾሙ ቀን፣ እስኪነጋ ተኛሁ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ኤልዳድ በነጭ ልብሱ፣ በባዶ እግሩ፣ ብርጭቆውን ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ሥር ተቀመጠ። ከምኩራቡ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሞሻቩ በሙሉ እዚያ ነው።

ብርጭቆውን ተቀበልኩ። እስከ ምልክቱ፣ ሁለት ጣት እንኳ የማይሞላ። ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ወደ አፌ ማምጣት አልቻልኩም። ተፈትቼ እንኳ አልቻልኩም። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ።

"ቲርጻ፣ ጠጪ" አለ ኤልዳድ።

ሁሉ በቃሉ የሆነ፣ ብዬ ባረክሁ። አሜን አለ። ጠጣሁ። ውሃው ለብ ብሏል፤ የፕላስቲክ ጣዕም አለው። ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልተናደም።

ከዚያ በየዘጠኝ ደቂቃው ሆነ። ጸሎቱን ያነባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ "ጠጪ" ይላል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እሱ ጠብታ አልቀመሰም። አንዴ ስቄ "ውሃ ሻጭ መሰልክ" አልኩት፤ "ጠጪ" አለኝ። ዝም ያለባትን ያቺን አንዲት ቀን በመቶ ቃል ሊከፍላት የፈለገ ይመስላል።

እኩለ ቀን ሆነ። ባለፈው ዓመት የወጣሁባት ሰዓት። ጠጣሁና ብርጭቆውን መለስኩ፣ ዕንባዬም መጣ። ያስደነቀኝ ስለ ቧንቧው አለማልቀሴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለቀስኩት ስለ ውሃው ነበር። ለልጁ አንድም ቀን አላለቀስኩለትም።

"አየኸው እንዴ?" አልኩት። ዓመቱን ሙሉ ጠይቄው አላውቅም።

ኤልዳድ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

"አየሁት። እጁ ጭብጥ ነበር።"

"ማንን ይመስላል?"

"አገጩ ያንቺ ነው።"

አለቀስኩ፤ አለቀሰ። የሚያስቆመን አልነበረም። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ኤልዳድ ፊቱን በነጩ ልብሱ እጅጌ ጠረገና ሰዓቱን አየ፤ ብርጭቆውን እስከ ምልክቱ ሞልቶ ዘረጋልኝ።

"ዘጠኝ ደቂቃ ሞልቷል" አለ።

ጠጣሁ።